ያላበው ሳህን

ሳንሱሲ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝራዊት፣ ለአክስቴ ለአየለች የልጅ ልጅ፦

የጌታ ሰላም ባሕሩን ተሻግሮ አንቺ ጋ ይድረስ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ይሄ ሙቀት ግን ሊጨርሰን ነው። የበልጉ ዝናብ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ ቋ፣ ቋ ሲል ይውላል፤ ሰፈሩ በሙሉ መጋረጃውን ዘግቶ ያንጎላጃል።

ብርቅዬ ነኝ፤ የአባባ ጥሩነህ ልጅ። ካላስታወስሽኝ፣ በአያትሽ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነጭ ሹራብሽ ላይ ሻይ የደፋሁብሽ ሴትዮ ነኝ። ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ስድስት ዓመት አለፈ። እንግዲህ አሁን ይቅርታ።

ስልክ ብደውልልሽ ይቀለኝ ነበር። አባባ ግን በስልክ የተባለ ነገር አያምኑም፤ «ወረቀት ላይ የሰፈረውን አንብቢልኝ» ነው የሚሉት። ስለዚህ እኔ በእጄ እጽፋለሁ፣ ልጄ ሉሲ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ እንዲሁ አድርጊ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባባ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለዋል። ሾርባ ሳቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ገንፎ ሳቀርብ «ይሄ ሁሉ ሙቀት አንሶኝ ነው?» ይላሉ። እጃቸው የክብሪት እንጨት አክሏል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያንን ቀዝቃዛውን ክር አምጡልኝ» ይላሉ።

መጀመሪያ የቃዡ መስሎን ነበር። ኋላ ስናጣራ፣ በ1943 ኮሪያ ዘምተው ሳሉ ያዩት ምግብ ነው። እንደ ፓስታ የረዘመ፣ ጠቆር ያለ፣ በጉድጓድ ውኃ የቀዘቀዘ። «ሳህኑ ያልበው ነበር» ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ግድግዳውን አልፎ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ አብሬያቸው የምሄድ ይመስለኛል። የአየለች የልጅ ልጅ እዚያው አገር ናት ስላቸው ከተኙበት ተነስተው ተቀመጡ፤ ከተቀመጡ ሳምንታቸው ነበር።

እባክሽ አሠራሩን ጻፊልኝ። አጥግቦ የሚያስነሳ ይሁን፤ ውኃ ብቻ እንዳይሆን። ከፓስታ የሚከብድ አይመስለኝም።

ብርቅዬ ጥሩነህ


ቹንቾን፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬ፣ በእርስዎም ንባብ ለአባባ ጥሩነህ፦

አባባ፣ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደምን አሉልኝ? እትዬም እንደምን ከረሙ? የሹራቡ ሻይ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ክረምቱን ሙሉ እሱን ለብሼ ነው የተኛሁት። ስለዚህ በደንብ አስታውስዎታለሁ።

እንዴት እንደሚገጥም አይገርምም? ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንዙ ዳር ያለ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ፤ ቤቱ የሚሸጠው አባባ የሚሉትን ነው። ስሙ ማክጉክሱ ይባላል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አሮጊት ናቸው። እኔ ሀልሞኒ እላቸዋለሁ፤ እኛ እማማ እንደምንለው ማለት ነው። ወሬ አይወዱም። በቀን አሥር ቃል ከተናገሩ ያ ቀን ሠርግ ነው።

አሠራሩን አጠገባቸው ቆሜ አየሁት። የዚህ አገሩ ክር የሚሠራው እኛ ጋ ከሌለ ጠቆር ያለ እህል ነው፤ እርስዎ ስስ ፓስታ ይግዙ፣ እንዶሚ ግን እንዳይሆን። ከዋዜማው ሥጋ ቀቅለው መረቁን ፍሪጅ ያሳድሩት። ጠዋት ጮማው ከላይ ረግቶ ያገኙታል፤ ገፈው ይጣሉት። ፓስታውን ቀቅለው ሲያበቁ በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት። ማለቅለቅ አይደለም፣ እንደ ልብስ በእጅ ማሸት ነው፤ ሀልሞኒ ሦስት ጊዜ ውኃ ይቀይራሉ። ከዚያ መረቁ ውስጥ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ አቼቶና ሰናፍጭ ይጨምሩ። በላዩ ኪያር በስሱ ተከትፎ፣ የተቀቀለው ሥጋ፣ ግማሽ እንቁላል፣ የተቆላ ሰሊጥ። ሥጋውና እንቁላሉ ነው የሚያጠግበው። መጨረሻ ላይ በረዶ።

ሁሉም ነገር መቀዝቀዝ አለበት እትዬ፤ ሳህኑም ጭምር።

አባባ፣ መስኮቴ ላይ ሆኜ ወንዙን ሳይ እርስዎን አስባለሁ። ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብስና ከተማው ያለ አይመስልም።

ልጅዎ ናዝራዊት


ሳንሱሲ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝራዊት፦

ጌታ ትምህርትሽንም እጅሽንም ይባርክ። ያ ሳህን ማጠቢያ ሳሙና እጅ ይበላል፣ ቅባት ተቀቢ።

ወይ ጉዴ! ሠራሁት እኮ። ጦር ኃይሎች ወርጄ ስስ ፓስታ ገዛሁ፣ መረቁን አሳደርኩ፣ ጮማውን ገፈፍኩ፣ ሉሲ እየሳቀችብኝ ፓስታ እንደ ካልሲ አሸሁ። ቁጭ ብሎ ሲታይ እንዴት ያምራል! ጎረቤቴ አልፊያ ሳይቀር አየችና «የሠርግ ነው እንዴ?» አለች።

ሳህኑን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። ቀዝቃዛ ምግብ ለአባቴ? እንኳን ለአባት፣ ለአላፊ አግዳሚ እንኳ ቀዝቃዛ አይቀርብም። እናቴ ብትኖር «ያደረ ምግብ ለአባትሽ!» ብላ በማማሰያ ታሳድደኝ ነበር። አልፊያም «ኧረ ብርድ ይመታቸዋል» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ተመልሼ ቡታጋዝ ላይ ጣድኩት። ለብ እንዲል ብቻ ነው፣ ማርያምን አልልሽም፣ ለብ ብቻ።

በረዶው ሟሟ፣ ኪያሩ ጠወለገ፣ ሰናፍጩ ቤቱን አስነጠሰው። አባባ ጣታቸውን ነከሩና «ይሄ ሾርባ ነው» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አንቺ ጤና ነው የምትማሪው፤ እውነቱን ንገሪኝ። ቀዝቃዛ ነገር እንዲህ የከሳ ሽማግሌ አይጎዳም? ይህን ሳላውቅ እጄ አይታዘዝልኝም።

ብርቅዬ


ቹንቾን፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬና ለአባባ፦

ሰላምታዬ ከሳቅ ጋር ይድረስዎ፤ አይቀየሙኝ። ፌርማታ ላይ ቆሜ «ለብ ብቻ» የሚለውን ሳነብ ጮክ ብዬ ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አይጎዳቸውም እትዬ። ውኃውን አፍልተው ያቀዝቅዙት፣ በረዶውንም ከፈላ ውኃ ይሥሩት፤ በቃ። የሚጎዳቸው አለመብላታቸው ነው። ይህን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው የምነግርዎ፤ በዚያ ዕድሜ ሁለት ሳምንትም ብዙ ነው።

አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ጣዕሙ ምን ዓይነት ነበር? ይጎመዝዛል? ያቃጥላል? እዚህ በየቤቱ ይለያያል። ሀልሞኒ «ጣዕሙን ካወቅኩ የየትኛው መንደር እንደሆነ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ቃላቸው ከአሥር አለፈ፤ ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ስጨርስ ትንሽ ይርበኛል እንጂ። ሀልሞኒ ሁልጊዜ አንድ ሳህን ይሞሉና «ትበያለሽ?» ይሉኛል። እኔም «በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» እላለሁ። እሳቸውም እሺ ብለው ያነሱታል። ያስቡት፣ ያነሱታል! የዚህ አገር አሮጊት ካላበላሁ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች ብለው ጓደኞቼ ነግረውኝ ነበር፤ የኔዋ አንዴ ብቻ ብለው ዝም። ስምንት ወር ሆነን። የማልወደድ ይመስለኝ ጀምሯል። ክፍሌ ገብቼ ዳቦ እበላለሁ።

የአባባን መልስ ቶሎ ይላኩልኝ።

ናዝራዊት


ሳንሱሲ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝራዊት፦

ሰላም ለአንቺ። ሁለት ሳምንት ከምናምን ዝም ማለቴ ረስቼሽ አይደለም። አባባ ወድቀው ክሊኒክ ስድስት ቀን ተኛን። ግሉኮስ ተሰጣቸውና ወደ ቤት መለሱን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፤ «እስከ ሰኔ ሁለት በአፋቸው ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባለን። እስከዚያ አያስገድዷቸው፣ ሰውነታቸው ሲፈልግ ይበላሉ» አለኝ። ቱቦውን ለአባባ አልነገርኳቸውም። የሰሙት ይመስለኛል፤ አፍንጫቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነው የሚተኙት።

ጣዕሙን ጠየቅኳቸው። ስለ ጉድጓዱ ነገሩኝ። ባልዲው ሲወርድ ገመዱ እንዴት እንደሚጮህ፣ የሴትዮዋ የገለባ ጫማ፣ ግማሹ የተቃጠለ ቤት፣ የአንድ ዛፍ ጥላ። ሳህኑ ነሐስ ነበር፤ ላቡ በጎኑ ወርዶ መሬት ላይ ጠብ ሲል አሸዋው ጠጣው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው የወጣት ነው፤ እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ አብሬ አንቀላፋለሁ። «ጣዕሙስ አባባ?» ስላቸው ግን ወደ ገመዱ ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሦስቴም ስለ ገመዱ ነገሩኝ።

ትናንት እንደገና ሠራሁት። ዘንድሮ የማንንም አልሰማም ብዬ አልፊያ እንዳታየኝ በሩን ዘግቼ፣ በረዶውን ሞልቼ፣ ሳህኑን ፍሪጅ አሳድሬ። አቀረብኩላቸው። ናዝዬ፣ እንዴት ልንገርሽ! ፊታቸው በራ። ረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው የሳህኑን ላብ ነኩት። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ጠግቤያለሁ» አሉኝ።

ጠግቤያለሁ! ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ! አታስገድጂ ተብያለሁና ሳህኑን አነሳሁ። እስክወጣ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉኝ። ማድ ቤት ቆሜ ራሴ በላሁት፤ እያለቀስኩ ጨረስኩት። እውነት ለመናገር ይጣፍጣል።

ከእንግዲህ ምን እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ጸልዪልን።

ብርቅዬ


ቹንቾን፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርቅዬ፦

ሰላምታውን ለኋላ ላቆየው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ምግብ ቤቱ ጓሮ ቆሜ አነበብኩት። «ጠግቤያለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ሀልሞኒ ሳህን ይዘው ወጡ። «ትበያለሽ?» አሉኝ። ሳላስበው እጄ ደረቴ ላይ ሄደ፤ «በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። እሳቸውም ሳህኑን ይዘው ገቡ። እኔም እስከ በሩ በዓይኔ ተከተልኳቸው።

እትዬ፣ አባባ ይህን ምግብ ቀምሰውት አያውቁም! የጉድጓዱን ገመድ ድምፅ ያስታወሰ ሰው ጣዕሙን እንዴት ይረሳል? አይረሳም። አልበሉትም። ይጠይቋቸው፣ ግን ጣዕሙን አይደለም፤ ሴትዮዋ ስትሰጣቸው ምን እንዳሏት ይጠይቋቸው።

ደግሞ ድፍረቴን ይማሩኝና፣ እርስዎ ለምን አልለመኗቸውም? እኛ ቤት አንዴ እምቢ ያለ ሰው ጠግቤያለሁ ማለቱ ነው እንዴ? ሐኪሙ አያስገድዱ ያለው ይገባኛል፤ መለመን ግን ማስገደድ አይደለም። አያቴ አየለች ለእንግዳ «በሞቴ» ሳትል ሳህን አንስታ አታውቅም።

ዛሬ ግንቦት ሃያ ሰባት ነው። ሰኔ ሁለት ሩቅ አይደለም።

ናዝራዊት


ሳንሱሲ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዝራዊት፦

ከዛሬ ጀምሮ የአክስቴ የልጅ ልጅ አልልሽም፤ ልጄ ነሽ። ጌታ እድሜ ይጨምርልሽ።

እንዳልሽው ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ሴትዮዋን ምን አሏት?» ስላቸው ጣሪያውን አዩ። ቆርቆሮው ይጮህ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ እንደተናገሩት እጽፍልሻለሁ፦

«ሐምሌ ነበር። ከኮረብታው ውኃ ፍለጋ ወረድን። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሴትዮዋ ለራሷ የሠራችውን ሳህን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። እናቴ ሰው ቤት አንዴ ሲሉህ እሺ አትበል፣ ስግብግብ ይሉሃል ብላ ነው ያሳደገችኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠግቤያለሁ አልኩ። እስክትለምነኝ ቆሜ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጎንበስ አለች፣ ሳህኑን ይዛ ገባች፣ በሩን ዘጋችው። ምግቧን የናቅኩባት መሰላት። ተመልሼ ላንኳኳ ስል ጓዶቼ ጠሩኝ። ሰባ አራት ዓመት በሞቴ እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነው።»

እንግዲህ የኔን ጥፋት ልንገርሽ። ጌታን ከተቀበልኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «በሞቴ» ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሞትን መጥራት ደስ አይለኝም፣ መሐላም ትቻለሁ። «እባክዎ ይብሉ» ነው የምለው። እባክዎ ደግሞ ለአባባ ልመና አይደለም፤ የቀበሌ ቃል ነው። በዚህ ላይ እሳቸው እንዲህ ሆነው እያየሁ፣ እኔ በምን አንደበቴ ስለ ሞት ላውራ?

ሰኔ አንድ ከሰዓት ሠራሁት። ሥጋውን አበዛሁ፣ እንቁላሉን ሙሉ አደረግኩ፣ ፓስታውን አጠር አጠር አድርጌ ቆረጥኩ። ሳህኑ በደንብ እስኪያልበው ጠብቄ ገባሁ። አሁንም እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ጠግቤያለሁ።»

ተንበረከኩ። «በሞቴ አባባ» አልኳቸው።

«ኧረ ቆይ፣ ኋላ እበላለሁ» አሉ። አየሽ ተንኮላቸውን! መለመን ደስ ብሏቸዋል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ሁሉ ወጣ፤ «በሞቴ! አፈር ስሆን! እኔን ይቅበሩኝ፣ ካልበሉ ከዚህ አልነሳም!» እያልኩ ስጮህ ሉሲ ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች።

«ካልሽማ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

በሹካ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ ተገርመው አዩኝ። «ጎምዛዛ ነው» አሉ። «ጎምዛዛ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።» እንባቸው በአገጫቸው ወርዶ መረቁ ውስጥ ገባ። ሳህኑን ከእጄ ወስደው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት፤ ከዚያ ራሳቸው ይዘው ጨረሱት። መረቁንም ጠጡት።

ቱቦው ቀረ። ሐኪሙ በስልክ ስነግረው «ምን አበሏቸው?» አለኝ። ቀዝቃዛ ፓስታ ስለው አላመነኝም። ዝናቡ ደግሞ ትናንት ጀመረ፤ እኛ ብርድ ልብስ ስናወጣ አባባ ጋቢ ደርበው በረዶ ይጠይቃሉ። እሑድ ለፓስተራችን ስለ መሐላዬ እነግራለሁ፤ ወይ ደግሞ አልነግርም።

አባባ ይህን ጻፊላት ብለውኛል፦ «ሁሉም ቤት በሞቴ አይባልም። ያቺ ሴትዮ ልመና አታውቅም ነበር እንጂ አልጠላችኝም። ናዝራዊት እንደኔ አትጠብቅ። አንዴ ሲሏት ትብላ።»

ብርቅዬ


ቹንቾን፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ጥሩነህ፣ በእናቴ በእትዬ ብርቅዬ ንባብ፦

አባባ፣ ጉልበትዎን ስሜ፣ በልተው ስላደሩልኝ አምላክን አመሰግናለሁ።

ደብዳቤውን ለሀልሞኒ በተሰባበረ ቋንቋዬ ነገርኳቸው። ክሩን እያጠቡ ነበር፤ አላቋረጡም። ሲጨርሱ «ያቺ ሴትዮ ለመለመን ቋንቋ አልነበራትም» አሉና ውኃውን ደፉ።

ዛሬ እዚህ ሙቀቱ ገባ፣ ወንዙ ላይ ጉም የለም። ሥራ ስጨርስ ሀልሞኒ ሳህን ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ላቡ በጎኑ ይወርድ ነበር።

«ትበያለሽ?» አሉኝ።

እጄ ወደ ደረቴ ሲሄድ ያዝኩት። አንዴ ብቻ ነው ያሉኝ አባባ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ልጅዎ ናዝራዊት